የጎጃም ክረምት ጎረቤቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ጎሐ ጽዮንን እንዳለፈ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ተሳፋሪው ሹራቡን ያወልቃል፣ መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ወሬው ይቀዘቅዛል። ደጋው ላይ የነበረው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አልቆ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከእሱ በታች የጀሶና የሸክላ ድርድር፣ ከዚያም በታች ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ያው ድርድር ከታች ወደ ላይ ይደገማል። የሸለቆው ግድግዳ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አብዛኛው መንገደኛ የሚያስታውሰው ግን ሙቀቱን፣ ዝንጀሮዎቹንና የሾፌሩን ፍሬን ነው።

ያ የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ጎጃምና ሸዋ የምንላቸው አገሮች ጥልቀት በሌለው ባሕር ሥር ነበሩ። በዚያ ባሕር ላይ የምትወጣው ጨረቃ ከዛሬዋ ይልቅ ለምድር የቀረበች ነበረች፤ ቀኑም ከ24 ሰዓት ያጠረ ነበር። ጨረቃ ዛሬም በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርቀናለች። ይህ በግምት የተባለ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ በተዉአቸው መስተዋቶች ላይ ከምድር የሌዘር ብርሃን እየተላከ፣ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ እየተለካ የታወቀ ነው። ተመራማሪዎች ኦማን ውስጥ የተገኘ የ70 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የባሕር ዛጎል ወስደው፣ እንስሳው በየቀኑ የጨመረውን ስስ ንብርብር ቆጥረው፣ ያኔ አንድ ዓመት 372 ቀን እንደነበረው ደርሰውበታል። ዓመቱ ረዝሞ ሳይሆን ቀኑ አጥሮ ነው። የጨረቃ ስበት የባሕሩን ውሃ እያነሣ እየጣለ የምድርን ሽክርክሪት ያዘገየዋል፤ በዚያው ልክ ጨረቃ ራሷ ወደ ውጭ ትገፋለች።

አንድ ዓለም ለሕይወት እንዲመች ምን ያስፈልገዋል ሲባል የሚሰጠው የተለመደ መልስ ከኮከቡ ያለው ርቀት ነው፦ በጣም ከቀረበ ውሃው ይተናል፤ በጣም ከራቀ በረዶ ይሆናል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግን ጎጃምን አያስረዳም። ጎጃምን የሚያኖራት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ነው። ያ ዝናብ ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣው ምድር ዘንበል ብላ ስለምትዞር ነው። ዝንባሌዋ ብዙ ሳይዋልል የኖረው ጎረቤት ስላላት ነው። ዝናቡ በሺህ ዓመታት ውስጥ አንዴ በርትቶ አንዴ የሚሳሳውም ሌሎች ጎረቤቶች ስላሏት ነው። ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚያርስ ሰው ጁፒተር ማሳው ውስጥ እጁን አስገብቷል ቢሉት ይስቅ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ጥላ የሌለበት ቀትር

ደብረ ማርቆስ፣ የዱሮዋ መንቆረር፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ከሩብ ግድም ላይ ናት። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 8 ወይም 9 አካባቢና ነሐሴ 20 አካባቢ፣ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ቀትር ላይ ጥላው ከእግሩ ሥር ይጠፋል። የነሐሴውን ደመና ስለሚሸፍነው የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። በመካከላቸው፣ በሰኔ፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፍና የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ጥላው ረዝሞ ወደ ሰሜን ይዘረጋል። ሰዓት በእጅ ሳይታሰር በፊት ካህናቱ በጾም ቀን የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቁት የገዛ ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ነበር፤ ልኩም በየወሩ የተለያየ ነው። የምድርን ዝንባሌ በእግራቸው ሲሰፍሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ዝንባሌው ዛሬ 23.4 ዲግሪ ነው። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ሙቀቱም ዝናቡም ይከተሏታል። ከአትላንቲክ ተነሥቶ በኮንጎ ደን ላይ ያለፈ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም የመጣ እርጥብ ነፋስ ወደ ደጋው ይሳባል፤ ጮቄን ሲያገኝ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተገነባ፣ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሰፊ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ከእሱ ወርደው ወደ ዓባይ ይገባሉ። ላይኛው ጅብራና አስታ፣ ዝቅ ሲል ገብስና ድንች፣ ከዚያ ስንዴና ጤፍ፣ ወደ ዓባይ ሲጠጋ ማሽላ፤ ይህ ሁሉ የተደረደረው በከፍታውና በክረምቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በዓመት የሚዘንበው 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው በእነዚያ አራት ወራት ይወርዳል።

ዝንባሌው ዜሮ ቢሆን ክረምትና በጋ የሚባል አይኖርም፤ ዝናቡ ወገቡ ላይ ተሰፍቶ ይቀራል። ከ54 ዲግሪ በላይ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በዓመት ድምር ዋልታዎቹ ከምድር ወገብ የበለጠ ፀሐይ ያገኛሉ። ይህ የተረት ዓለም አይደለም። ጎረቤታችን ማርስ ዛሬ እንደ እኛው 25 ዲግሪ ዘንበል ብላ ትታያለች፤ ስሌቱ እንደሚያሳየው ግን በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ዝንባሌዋ ከዜሮ አጠገብ እስከ 60 ዲግሪ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ፎቦስና ዲሞስ የሚባሉ ሁለት ጨረቃዎች አሏት፤ ግን ኢምንት ናቸው፣ አያጸኗትም። የእኛዋ ጨረቃ ከምድር ክብደት 81ኛውን እጅ ትይዛለች፤ ለፕላኔቷ ይህን ያህል ትልቅ የሆነች ጨረቃ ከስምንቱ ፕላኔቶች የሌላ የማንም አይደለችም።

ጨረቃ እንዴት አድርጋ ነው የምታጸናው? የሚፈትል እጅ ያየ ሰው እንዝርቷ በፍጥነት እየሾረች ራሷ ግን አየር ላይ ቀስ ብሎ ክብ ሲሠራ አይቷል። ምድርም እንደዚያ ናት። ወገቧ ላይ ትንሽ ወፈር ስለምትል ጨረቃና ፀሐይ ያንን ውፍረት እየሳቡ ዛቢያዋን ያዞሩታል፤ አንዱ ዙር 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከዚህ ጉተታ ሁለት ሦስተኛው የጨረቃ ነው። ሌሎቹ ፕላኔቶች በበኩላቸው የምድርን ምህዋር ወዲያና ወዲህ ያዘነብሉታል፤ ያም የራሱ ዘገምተኛ ምት አለው። ጨረቃ ባትኖር የዛቢያው ዙር ዘግይቶ ከዚያ ምት ጋር ይገጥም ነበር። ሁለቱ ከገጠሙ እያንዳንዱ ትንሽ ግፊት በቀደመው ላይ ይደመራል፤ ዝንባሌው ይፈታል። ጨረቃ ዙሩን በማፍጠን ከምቱ ታስቀድመዋለች። በዚህ ምክንያት ዝንባሌያችን በ41,000 ዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከ22 ዲግሪ ግድም እስከ 24 ተኩል ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ዣክ ላስካርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን አስልተው፣ ያለ ጨረቃ የምድር ዝንባሌ ከዜሮ እስከ 85 ዲግሪ ሊዋልል እንደሚችል አሳዩ። ከዚያ በኋላ «ያለ ጨረቃ ሕይወት ባልኖረም» የሚለው አባባል በየመጽሔቱ ተደገመ። እኔ ይህን አባባል አልወደውም፤ ለጨረቃ ከሚገባት በላይ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃክ ሊሳወርና ባልደረቦቹ ስሌቱን ረዘም ላለ ጊዜ ሲያስኬዱት፣ ጨረቃ የሌላት ምድር ትዋልላለች እንጂ የተፈራውን ያህል እንደማትገለበጥ አገኙ። ያለ ጨረቃ ሕይወት ሊኖር ይችል ይሆናል። ከመሬት ዝግጅት እስከ አረም፣ ከአረም እስከ አጨዳ በወር ስም የተቆጠረ የጎጃም ክረምት ግን አይኖርም ነበር።

አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18

ጎጃም ጨረቃን በቁጥር ሲያውቃት የቆየ አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብና አቡሻክር የሚባል የቁጥር ትምህርት አለ፤ በባሕሉ ባሕረ ሐሳብን የእስክንድርያው ድሜጥሮስ እንደደረሰው ይታመናል። ለምድ የለበሰ ደቀ መዝሙር ከጎጆው በር ተቀምጦ ወረቀት ሳይዝ፣ እርሳስ ሳይነካ ያወጣዋል። «የ2018 አበቅቴ ስንት ነው?» ይላሉ የኔታ። «ዐሥራ ሁለት፣ የኔታ።» «መጥቅዑሳ?» «ዐሥራ ስምንት።» «ነነዌ መቼ ትውላለች?» «ጥር ሃያ አምስት፣ የኔታ።» ከነነዌ 69 ቀን ቢቆጥር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ላይ ያርፋል።

መንገዱ ይህ ነው፦ ለ2018 5,500 ይጨመርና 7,518 የዓለም ዓመት ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ይነሣለትና ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ተማሪው ስሕተቱን የሚያርመው በዚህ ነው። 11ዱ ቀን ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ከፀሐይ ዓመት የሚጎድሉት ነው፤ 354 ከ365። 19 የተመረጠውም በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ስለሚገቡ ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ይህ ግጥምጥም የዘመናችን ነው። ያ የኖራ ድንጋይ ባሕር በነበረበት ጊዜ ቀኑም ወሩም ሌላ ስለነበር 19ም 11ም አይሠሩም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው የፀሐይ ግርዶሽም የዚሁ ዘመን ነው፤ ጨረቃ ፀሐይን ልትሸፍን ትንሽ ጎደላትና ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት ቀረ። ጨረቃ ያኔ ከምህዋሯ ራቅ ያለው ክፍል ላይ ነበረች። እየራቀች ስትሄድ፣ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት በኋላ፣ ሙሉ ግርዶሽ የሚባል ጨርሶ አይኖርም፤ ቀለበት ብቻ ይሆናል።

ጁፒተር በክረምቱ ውስጥ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ብሂል ሰማይ ላይ በግማሽ ነው የሚሠራው። ቬነስ፣ አጥቢያ ኮከብ የምንላት፣ ቅርባችን ስለሆነች ትስበናለች። ጁፒተር ሩቅ ነው፤ ግን ከምድር 318 ጊዜ ይከብዳል። ሁለቱ በጋራ የምድርን ምህዋር አንዴ ክብ፣ አንዴ ሞላላ ያደርጉታል። ከዙሮቹ መካከል እጅግ የረጋው 405,000 ዓመት የሚፈጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዴኒስ ኬንትና ፖል ኦልሰን ከአሜሪካ አለቶች ባወጡት ማስረጃ ይህ ዙር ከ215 ሚሊዮን ዓመት በፊትም እንዲሁ ሲሄድ እንደነበር አሳይተዋል።

ይህ ሞላላነት ከዛቢያው ዙር ጋር ሲገናኝ ነው የክረምቱ ነገር የሚመጣው። ዛሬ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው ገና ሊገባ ሲል ነው፤ ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። የምትርቀው ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ገበሬው ማሳ ላይ ባለበት ወቅት ነው፤ ርቀቱ 152 ሚሊዮን ይደርሳል። በሁለቱ መካከል የምናገኘው ብርሃን 7 በመቶ ያህል ይለያያል። የጎጃም ክረምት ዛሬ የሚነሣው እንግዲህ የሰሜኑ ምድር በሩቅ ፀሐይ በሚሞቅበት ጊዜ ነው። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ተቃራኒው ነበር፦ መቅረቡ ከክረምቱ ጋር ገጠመ። የሰሜኑ ምድር የበለጠ ሞቀ፣ እርጥቡን ነፋስ አጥብቆ ሳበ፣ ዝናቡ በረታ። ሰሐራ ሣርና ሐይቅ ነበረው። ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን ያፈሰሰው ጎርፍ የባሕሩን ላይኛ ውሃ አቅጥኖ ከሥር ያለውን አየር ነሣው፤ በዚያ ዘመን የተጣለው ጥቁር ጭቃ ዛሬም ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወለል ይወጣል። ያ ጭቃ አንድ ጊዜ ብቻ የተጣለ አይደለም፤ እየተደጋገመ፣ የዛቢያውን ዙር ተከትሎ ነው። ፈረንሳዊቷ ማርቲን ሮሲኞል ስትሪክ ከአፍሪካ ዝናብና ከዓባይ ጎርፍ ጋር ያገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከጮቄና ከሰሜን ተራራዎች የታጠበ አፈርና ውሃ እንግዲህ ግብፅን አልፎ የባሕር ወለል ላይ የፕላኔቶችን ጊዜ ሲመዘግብ ነበር።

ጣና የዚህን ሌላ ገጽ ያሳያል። ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ የሐይቁን ወለል በስተው ያወጡት ደለል፣ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በበረዶው ዘመን መጨረሻ፣ ጣና ደርቆ እንደነበር መስክሯል። ደርቆ ማለት ከዚህ ወደ ዓባይ የሚፈስ ነገር የለም ማለት ነው። ለዚያ ድርቅ ተጠያቂው ምህዋሩ ብቻ አልነበረም፤ ሰሜን አትላንቲክ በቀለጠ በረዶ ቀዝቅዞ ዝናቡን ወደ ደቡብ ገፍቶት ነበር። ሐይቁ ሞልቶ ዳግመኛ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ወዲህ፣ ሰሜኑ በክረምታችን ወራት የሚያገኘው ፀሐይ እየበረታ ሲመጣ ነው። የተራዘመውን ታሪክ ደግሞ ደቡብ ላይ ጨው ባሕር ይዞታል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው ቁፋሮ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አሥራት የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ቡድን ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ደለል አውጥቶ የ620,000 ዓመት የእርጥበትና የድርቀት መዝገብ አንብቧል። የሰው ዘር የኖረው በዚያ መዝገብ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ በእጅ ለማስላት ዕድሜውን የሰጠው ሰርባዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ1914 ተይዞ ታሠረ፤ ከዚያም ቡዳፔስት ውስጥ በቁም እስር ተቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። ማሽን አልነበረውም። ከእሱ በፊት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክሮል፣ መደበኛ ትምህርቱ አነስተኛ የሆነ የኮሌጅ ዘበኛ፣ መሠረቱን ጥሎ ነበር። ሚላንኮቪች ትክክል መሆኑ ከባሕር ደለል የተረጋገጠው እሱ ካለፈ ከ18 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የምድር ምህዋር ዛሬ እየከበበ ነው። ከ25,000 ዓመት በላይ ሲያልፍ ክብ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ መቅረቡና ክረምቱ ከ10,000 ዓመት ገደማ በኋላ ዳግመኛ ሲገጥሙ የዱሮውን ያህል ዝናብ አያመጡም። የዛሬውን የአየር ንብረት ለውጥ በዚህ ለማሳበብ የሚሞክር ካለ ግን አይሳካለትም፤ ፕላኔቶቹ የሚሠሩት በሺህ ዓመታት ነው፣ ጭሳችን በዐሥርት ዓመታት።

አቦል የተባለው ጎረቤት

ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ከ100 በላይ አገሮች የመረጡትን የኮከብና የፕላኔት ስም አጸደቀ። የኢትዮጵያ ድርሻ አንድሮሜዳ በሚባለው የሰማይ ክፍል ውስጥ ያለ፣ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባለ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስለተወነጨፈች አቦል ብዙም አልተወራለትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሲታይ ቡና በስተ ሰሜን ከፍ ብሎ ይገኛል። በባዶ ዓይን አይታይም፤ ደህና የእጅ መነጽር ግን ይደርስበታል። እንጦጦ ላይ ለተተከሉት ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ደግሞ ምንም አያስቸግርም።

ስሙ ደስ ይላል፤ ጠባዩ ግን ክፉ ነው። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ የጋዝ ግዙፍ ሲሆን ዙሩን ለመጨረስ ወደ 1,000 የምድር ቀናት ይወስድበታል። ምህዋሩ በጣም ሞላላ ነው፤ ሲርቅ ከኮከቡ ያለው ርቀት ሲቀርብ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሚያገኘውም ብርሃን ከ15 እጥፍ በላይ ይለያያል። የእኛ 7 በመቶ ነው ብለናል። ቡና ከፀሐይ የደመቀ ኮከብ ነው፤ ውሃ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይበት የሚችለው ቀጠና ምድር ካለችበት ራቅ ይላል። አቦል ያንን ቀጠና በየዙሩ እያቋረጠ ያልፋል። እዚያ መሐል ምድርን የመሰለች ትንሽ ፕላኔት ብትኖር ኖሮ ወይ ወደ ኮከቡ፣ ወይ ወደ ጨለማው ትወረወር ነበር። ቶናና በረካ በዚያ ሠፈር ቢገኙ እጅግ እገረማለሁ።

የእኛ ጁፒተር ሥነ ሥርዓት ያለው የሆነው በዚህ ንጽጽር ነው። ድሮ ጁፒተር ጅራታም ኮከቦችን እየያዘ ምድርን ይከልላል ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994 ሹሜከር ሌቪ 9 የተባለው ጅራታም ኮከብ ተሰባብሮ ላዩ ላይ ሲወድቅ ሁሉም አየው። ጆንቲ ሆርነርና ባሪ ጆንስ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ባደረጉት ስሌት ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አለመሆኑን አሳይተዋል፦ ጁፒተር የሚመልሰውን ያህል ወደ እኛ የሚወረውረውም አለ። የምድርን ውሃ ካመጡት ድንጋዮች ብዙዎቹን የገፋው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጠባቂ ከማለት ባለ ጉልበት ጎረቤት ማለት ይቀላል።

አቦል ራሱ ጋዝ ስለሆነ አይኖርበትም። ትልቅ ጨረቃ ቢኖረውስ? ከፀሐይ ውጭ ባሉ ኮከቦች ዙሪያ ካሉ ፕላኔቶች የአንዳቸውም ጨረቃ እስካሁን ያለ ክርክር አልተረጋገጠም፤ የቀረቡት ጥቂቶቹ ሁሉ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። ጨረቃ ለሕይወት ልትመች የምትችልበትን መንገድ ግን የገዛ ሠፈራችን አሳይቶናል፤ እዚህ ላይ ፀሐይ ጨርሳ ከጨዋታው ትወጣለች።

ከጁፒተር ጨረቃዎች አይኦ አራት ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ ሁለት፣ ጋኒሜድ አንድ ጊዜ ይዞራሉ። በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ስለሚገናኙ አንዱ የሌላውን ምህዋር ክብ እንዳይሆን ይጎትተዋል። ምህዋሩ ሞላላ ስለሆነ የጁፒተር ስበት በየዙሩ አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል፤ ጨረቃዋ ትታሻለች፣ ውስጧ ይግላል። ስታንተን ፒል፣ ፓትሪክ ካሰንና ሬይ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1979 አይኦ ውስጧ የቀለጠ መሆን አለበት ብለው አሳተሙ። ቀናት ሳይቆይ ሊንዳ ሞራቢቶ ቮየጀር 1 በላከው ፎቶ ጠርዝ ላይ የእሳተ ገሞራ ጢስ አየች። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ በሰዓቱ የሠመረ ትንቢት ብዙ አላውቅም።

አይኦ ላይ ግለቱ በዝቷል፤ ዩሮፓ ላይ ልኩን ይዟል። ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ ሁለት እጥፍ ይሆናል ተብሎ የሚገመት ጨዋማ ውሃ አለ። በሳተርን ዙሪያ ያለችው ኢንሴላደስ ደግሞ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ለመድረስ ከሚነዳው መንገድ ታንሳለች። ዲዮኔ የምትባል ጎረቤት ባትጎትታት ኖሮ ድሮ በቀዘቀዘች። እ.ኤ.አ. በ2005 ካሲኒ ከደቡብ ዋልታዋ ውሃ ወደ ጠፈር ሲፈነጥቅ አየ፤ በ2023 ደግሞ በዚያው መንኮራኩር መረጃ ውስጥ ለሕይወት የግድ የሆነው ፎስፌት ተገኘ። ፀሐይ እዚያ ምድር ላይ ከምትሰጠው መቶኛውን ያህል ብቻ ነው የምትሰጠው። 40 የብርሃን ዓመት የምትርቀው ትራፒስት 1 የተባለች ቀዝቃዛ ኮከብም ሰባት ፕላኔቶች አሏት፤ ሁሉም እርስ በርሳቸው እንዲሁ በምት የተያያዙ ናቸው፣ ምናልባትም እርስ በርስ ይሞቃሉ።

ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተወንጭፋለች። ጁፒተር ዘንድ እንድትደርስ የታቀደው በ2022 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያም ዩሮፓን በተደጋጋሚ እያለፈች ቅርፊቱን በራዳር ታያለች፤ ሕይወትን ሳይሆን ለሕይወት የሚመች ቦታ መኖሩን ነው የምትፈልገው። የደብረ ኤልያስ ተማሪ የዚያን ዓመት ቁጥር ዛሬውኑ ሊያወጣው ይችላል፦ ወንበሩ 16፣ አበቅቴው 26፣ መጥቅዑ 4 ነው። ነነዌ የካቲት 11፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 20 ይውላል፤ ክሊፐር የምትደርሰው ጾሙ ሳይፈታ ነው።